ከጓንግ ውሃ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ፦ ስለ ስደትና በሰው ስለ መነገድ የቀረበ ዳሰሳ

ከጣና በስተ ሰሜን፣ ከጭልጋ ደጋ የሚነሣው የጓንግ ወንዝ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርዶ የሱዳንን ሜዳ ሲረግጥ አትባራ የሚለውን ስም ይይዛል፤ በመንገዱም ከጎንደር የሚወርደውን አንገረብን፣ ከሾዋክ በላይ ደግሞ እኛ ተከዜ፣ ቆለኞቹ ሰቲት የሚሉትን ታላቅ ወንዝ ተቀብሎ፣ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ክረምት በአንድነት ጠቅልሎ በአንዲት ጠባብ ስፍራ ያልፋል። ይህችን ስፍራ ዐረቦቹ ኸሽም ኤል ቂርባ ብለው ሰይመዋታል፤ ትርጓሜውም የውሃ ስልቻ አፍ ማለት ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የሱዳን መንግሥት በዚህ አፍ ላይ ግድብ ሠርቶ፣ የአስዋን ታላቁ ግድብ ቀያቸውን የሚያሰጥምባቸውን ሃምሳ ሺህ ያህል የዋዲ ሐልፋ ኑባውያን አምጥቶ፣ አዲስ ሐልፋ በተባለችው የመስኖ አገር አሰፈራቸው። ከዚያ ወዲህ የእኛ ተራሮች አፈር በየክረምቱ እየወረደ የግድቡን ሆድ ግማሽ ያህል ሞልቶታል፤ አፈሩ በወረደበት አቅጣጫም ሰው ወርዷል። ስለ ስደትና በሰው ስለ መነገድ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ከጄኔቭ ወይም ከኒውዮርክ ከሚጀምር ይልቅ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል የምለው፣ በዚህ ምድር ስደተኛውና አሻጋሪው፣ ቀጣሪውና ረጂው፣ ፖሊሱና ሻይ ሻጯ በአንድ ገበያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለሚገኙ ነው።

በ1959 ዓ.ም. ጦርነቱን ሸሽተው ከኤርትራ ቆላ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከገቡ ጀምሮ ይህ አገር ያለ ስደተኛ ያደረበት ዓመት የለም። በደርግ ዘመን፣ ይልቁንም ከቀይ ሽብር በኋላ፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ተማሪ በመተማና በሑመራ በኩል በሌሊት እየተሻገረ ገዳሪፍ ገባ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተነቀለው ገበሬ በእግሩ መጣ፤ ቤተ እስራኤላውያንም ኢየሩሳሌም የመድረስ ተስፋቸውን ሰንቀው ከጎንደር አውራጃዎች ተነሥተው በገዳሪፍ ቆላ፣ ኡም ራኩባ በሚባለው ሠፈር ተከማቹ። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በምሥጢር በአውሮፕላን የተወሰዱት ስምንት ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት በመንገድና በሠፈሩ በረኃብና በበሽታ ያለቁት ወደ አራት ሺህ እንደሚደርሱ ይነገራል። ያው ኡም ራኩባ ተዘግቶ ከርሞ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ሰቲትን በጀልባ እየተሻገሩ በሐምዳዪት በኩል ሲጎርፉ ዳግመኛ ተከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋራ በማንም የስደተኛ መዝገብ የማይጻፍ ሌላ ሕዝብ አለ፤ እርሱም የሰሊጥ አጫጁ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ብቻ ቢዘገይበት የፍሬው ማቀፊያ ተሰንጥቆ እህሉ መሬት ላይ ስለሚረግፍ፣ ባለ እርሻው በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህም በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ የሚነሣ ወጣት ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ይወርዳል። ይህ ወቅት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ ነው። ካህናቱ በደጋው ሌሊቱን ቆመው የእመቤታችንን ወደ ግብጽ መሰደድ፣ ሕፃኑን ታቅፋ በረሃ ለበረሃ መንከራተቷን በማሕሌት ሲያዘክሩ፣ ከምእመናኑ ብዙው ልጁን ወደ ቆላ ሸኝቶ የሚያድርበት ወራት ነው። ከወረዱትም መካከል የመተማው ዋጋ ሲያንስበት ወይም ሥራው ሲያልቅበት የገላባትን ድልድይ የሚሻገር፣ ከዚያም ዶካ፣ ከዚያም ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም የሚል አይጠፋም። ይህን ሰው ምን ብለን እንጥራው? ከቤቱ ሲወጣ ሠራተኛ ነበር።

መተማ በሰው ስም ያገኘችው ዝና አዲስ አይደለም። በ1854 ዓ.ም. በዚህ በኩል ያለፈው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በገላባት ገበያ ወጣት ሴቶች ለሽያጭ ቀርበው ማየቱን ጽፎ ትቷል። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋራ በዐድዋ ሲዋዋሉ የባሪያ ንግድ እንዲከለከል ተስማምተው ነበር፤ እርሳቸው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያችው በመተማ ወደቁ፤ ንግዱ ግን ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ደንብ አወጁ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። ይህ ሁሉ የሆነው፣ ፍትሐ ነገሥታችን የሰው ልጅ ሁሉ በተፈጥሮው ግዑዝ፣ ማለት ነጻ መሆኑን አስቀድሞ እየመሰከረ፣ ባርነትን ግን ጦርነትና የዓለም ልማድ ያመጣው ነገር አድርጎ ደንብ ሲሠራለት በኖረበት አገር ነው። በዚያ ዘመን የተሸጠው ሰው በፈንጋይ እጅ ከቀዬው ተነጥቆ ስለ ተወሰደ፣ በደሉን ለማወቅ የሚቸገር ዳኛ አልነበረም። የዛሬው ግን ከቤቱ የሚወጣው በገዛ እግሩ ነው፤ ይልቁንም እናቱ መርቃው፣ በሬ ተሸጦለት ነው። የዘመናችን ሕግ ሁሉ የሚደናቀፈውም በዚህ ላይ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት በሰው መነገድን የሚከለክለውን የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ያጸደቁት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 2000፣ እንደ እኛ ኅዳር 6 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ የቁስቋም በዓል ነበር። ፕሮቶኮሉ ወንጀሉን በሦስት ነገር ያቆመዋል፤ ይኸውም በድርጊት፣ በመንገድና በዓላማ ነው። ድርጊቱ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው፤ መንገዱ ማስገደድ፣ ማታለል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው፤ ዓላማው ጉልበቱን ወይም ገላውን መበዝበዝ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ መንገዱ አይጠየቅም፤ ለአዋቂም ቢሆን በማታለልና በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቈጠርም። ከዚህ ጎን የወጣው ሌላው ፕሮቶኮል ደግሞ ሰውን በፈቃዱ ድንበር ማሻገርን ለብቻው ይመለከታል፤ በዚህኛው ተበዳዩ ድንበሩ የተጣሰበት መንግሥት ነው። አገራችን በ2004 ዓ.ም. የፓሌርሞውን ተቀብላ፣ በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909ን፣ እርሱን በመሻርም በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1178ን አውጥታለች፤ በሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርንም በስምም በአንቀጽም ለይታለች።

በመጽሐፍ ሲነበብ ልዩነቱ የጠራ ነው። በገዳሪፍ መንገድ ግን አንዲት ሴት ከፀሐይ መግቢያ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ደላላው የጎረቤት ልጅ ወይም የአበልጅ ዘመድ ነው፤ እናቲቱ «ልጄ» ትለዋለች፣ ልጂቱም «ጋሼ» ትለዋለች፤ እስከ ካርቱም ያለው ዋጋ በቡና ላይ ተነጋግረው የተቈረጠ ነው። መተማ ላይ በእግር፣ በጨለማ፣ በወንዙ ዳር ታልፋለች፤ እዚህ ድረስ የተፈጸመው ነገር ድንበር ማሻገር ነው። በገላባት ለሁለተኛው ሰው ትሰጣለች፤ እርሱም ከሌሎች ጋራ በጭነት መኪና ላይ በሸራ ሥር አስተኝቶ ይወስዳታል። በሦስተኛው ቦታ ላይ፣ የአገሩን ስም በማታውቀው የእርሻ ጎጆ ውስጥ፣ ፊተኛው ሰው ገንዘቡን አልላከም፣ አንቺ ለእኔ ዕዳ ነሽ ትባላለች። ይህ ቃል ከተነገረበት ቅጽበት ጀምሮ ልጂቱ ንዋይ ሆናለች፤ በእርሷ ዘንድ ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ልብሷም፣ ስሟም፣ የምትሄድበትም ያው ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተርፋ ፖሊስ ፊት ብትቀርብ «ማን ወሰደሽ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ እርሷም እውነቱን ትናገራለች፦ «ማንም አልወሰደኝም፤ ራሴ ነኝ የሄድኩት።» መዝገቡም በዚህ መልስ ይዘጋል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የሚገባው ጥያቄ እንዴት ወጣሽ የሚለው ሳይሆን፣ መመለስ ስትፈልጊ ማን ከለከለሽ የሚለው ነው።

የዚህ መንገድ ክፉው ዘመን በተለይ ከ2001 እስከ 2006 ዓ.ም. የነበረው ነው። ከኸሽም ኤል ቂርባ ብዙም በማይርቀው በሸገራብ የስደተኞች ሠፈር ዙሪያና በከሰላ መንገድ ላይ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ፣ ከእኛም ወገን የሚገኙባቸው ወጣቶች እየተጠለፉ፣ በፒክ አፕ ተጭነው ቀይ ባሕርን ተከትለው እስከ ግብጽ ሲና በረሃ ተሸጡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ከሱዳንና ከግብጽ የጸጥታ ሰዎች መካከል ከጠላፊዎቹ ጋራ የተባበሩ እንደ ነበሩ ገልጿል። የማስለቀቂያው ገንዘብ ሠላሳና አርባ ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር፤ መሣሪያው ደግሞ ስልክ ነበር። እኅቱ በአዲስ አበባ፣ ወንድሙ በስቶክሆልም፣ የአክስቱ ልጅ በቴል አቪቭ ስልኩን ሲያነሡ ሰላምታ አይሰሙም፤ የቀለጠ ፕላስቲክ በጀርባው ላይ ሲንጠባጠብ የሚጮኸውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ከዚያም አንድ ሌላ ድምፅ በገዛ ቋንቋቸው ገንዘቡን ይነግራቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የሚያስተረጕመው፣ ቍጥሩን የሚናገረው፣ አብሯቸው ያደገ የሚመስል አፍ ያለው ሰው ነው። ዮሴፍን ለእስማኤላውያን ነጋዴዎች በሃያ ብር የሸጡት የአባቱ ልጆች እንደ ነበሩ ሕዝባችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። በኋላ ሲና ሲዘጋ ያው ሥራ ወደ ሊቢያ፣ ወደ በኒ ዋሊድ መጋዘኖች ተዛወረ፤ የልጃቸውን ፎቶግራፍ በካርቶን ላይ ለጥፈው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ እመ ብርሃን የሚለምኑ ወላጆችንም ያየነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጠላፊው ጨካኝ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ያመቸለት ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ሱዳን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል በመዘዋወር ነጻነት ላይ ያለውን አንቀጽ በተአቅቦ ትታዋለች። በሠፈር የተመዘገበ ስደተኛ ከሸገራብ ወይም ከኡም ራኩባ ወጥቶ ካርቱም ለመድረስ ተስሪሕ የሚባለውን የመንገድ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ይህን የሚያገኝ ደግሞ ጥቂት ነው። ሥራ የሌለበት፣ እርሻ የሌለበት፣ ልጅ የሚያስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማይበቃበት ሠፈር ውስጥ የተቀመጠ የሃያ ዓመት ወጣት መንገዱን ከሰምሳሪ ይገዛል። ሰምሳሪ ማለት በዐረብኛ ደላላ ነው፤ በዚያ ሠፈር ውስጥ ግን ከዳኛና ከሐኪም ይልቅ ይህ ስም ይታወቃል። እንግዲህ መንግሥት የዘጋውን መንገድ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ፣ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ነው ለማለት አልችልም።

ወደ ሴቶቹ ነገር ልመለስ። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ብዙዎቹ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ሄደው የሦስት ወር መርፌ ይወጋሉ። ባል ኖሯቸው አይደለም፤ በመንገድ ላይ እንደሚደፈሩ አውቀው፣ ቢያንስ እንዳያረግዙ ነው። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ክንዷን ገልጣ ለዚህ ነገር ስትዘጋጅ ያየ ሰው፣ ስደት በፈቃድ ነው ወይስ በግድ የሚለውን ክርክር ዳግመኛ በቀድሞው ቃል ሊናገረው አይቻለውም፤ አደጋውን ታውቃለች፣ ትፈቅዳለችም፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ ፈቃድ ከምን ዓይነት ምርጫ እንደ መጣ የሚጠይቃት የለም። ወንዶቹም በሲናና በሊቢያ ያው ነውር ተፈጽሞባቸዋል፤ እነርሱ ግን ለእናታቸውም ለንስሓ አባታቸውም አይናገሩትም፤ ተመላሾችን የሚቀበሉ ሰዎችም ይህን ወንድን ለመጠየቅ ያፍራሉ። ስለ ጾታ ሲነገር ይህም ሊታሰብ ይገባዋል።

በገዳሪፍና በካርቱም የቀሩት ሴቶች አብዛኞቹ በሰው ቤት ሠራተኞች ወይም ሻይ ሻጮች ናቸው። የሻይ ሻጯ ንብረት ሁሉ በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይሰፍራል፤ የስኳር፣ የሻይ፣ የከርከዴና የዝንጅብል ጠርሙሶች በተርታ ቆመዋል፤ በስተግራዋ የከሰል ምድጃ፣ በፊቷ በገመድ የተጠለፉ አጫጭር መቀመጫዎች ከዛፍ ሥር ተዘርግተዋል። ደንበኛው ሱዳናዊ አዛውንት፣ የከባድ መኪና ነጂ ወይም የአገሯ ልጅ ነው። እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ፣ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በሚባለው የሱዳን ሕግ፣ ፖሊስ ልብሷን ወይም ፈቃድ አለመያዟን ምክንያት አድርጎ ዕቃዋን ጭኖ ይሄድ፣ ይቀጣትም ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ በግንብ ውስጥ ስላለች ማንም አያያትም። ስለ ዐረብ አገር ከፋላ፣ ማለት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋራ ስለሚያስተሳስረው ሥርዓት፣ ሁላችንም አጥብቀን እንናገራለን፤ ይገባልም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛዋን በውስጡ አላስገባትም፤ ሌላ ደንብ ይወጣላታል ብሎ አልፏታል። ከገጠር ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ በዘመድ ስም መጥታ ያለ ውል፣ ያለ ዕረፍት ቀን ያደገች ልጅ፣ ጅዳ ወይም ካርቱም ስትደርስ ያንኑ ኑሮ ነው የምታገኘው፤ እንግድነቱ በቋንቋው ነው እንጂ በሥራው አይደለም።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹ ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለ። ወዲያውም ሳውዲ ዐረቢያ ከመቶ ስልሳ ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ መለሰች፣ ክልከላው ከርኅራኄ የመነጨ መስሎ ለብዙ ሰው ታየ። ፍሬው ግን ሌላ ሆነ፤ በቦሌ በር በፓስፖርትና በውል ትወጣ የነበረችው ሴት በመተማ በኩል በሌሊት ትወጣ ጀመር፤ ከካርቱም ተነሥታ ወደዚያው ወደ ዐረብ አገር ትበር ነበር። ክልከላው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መጀመሪያ ሲወጣም ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀች እንዳትሄድ ደነገገ፤ ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቁት ግን ይበልጡን ለመሄድ የሚገደዱት ነበሩ። የፓሌርሞው ፕሮቶኮል በርእሱ ላይ ሴቶችንና ሕፃናትን አጣምሮ መጥራቱ ከዚህ ዓይነቱ አሳብ የራቀ አይመስለኝም፤ ሴትን ከሕፃን ጋራ ካስቀመጧት በኋላ መጠበቅ ማለት በሩን መዝጋት ይሆናል። ያው ፕሮቶኮል ወንጀለኛው እንዲቀጣ ሲያዝ መንግሥታትን በግዴታ ያዝዛል፤ ለተበዳዩ መጠለያ፣ ሕክምናና የሥራ ዕድል እንዲሰጥ ሲናገር ግን እንዲያስቡበት ብቻ ይመክራል። በሰው መነገድን የሚመለከተው ክርክር ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ የቆመ ነው፤ እኔም የምነቅፈው ይህን ሚዛን ነው።

ሱዳን በ2006 ዓ.ም. በሰው መነገድን የሚቀጣ ሕግ አወጣች፤ በኅዳር 2007 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮጳና የአፍሪቃ ቀንድ መንግሥታት በሮም ተሰብስበው የካርቱም ሂደት የተባለውን ስምምነት አጸኑ። ሰው የሚሸሻቸው መንግሥታትና ሰው እንዳይደርስባቸው የሚሹ መንግሥታት ነጋዴውን እናጠፋለን ብለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በ2008 ዓ.ም. የሱዳን ፈጥኖ ደራሽ ኃይል አለቃ ስደተኞችን በበረሃ የሚይዘው ለአውሮጳ ጥቅም እንደ ሆነ በአደባባይ ተናገረ፤ የአውሮጳ ኅብረት በበኩሉ ለዚህ ኃይል ገንዘብ አልሰጠሁም አለ። የገንዘቡን ነገር ለሌላ እተወዋለሁ፤ ያው ኃይል ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር ቀን፣ በካርቱም ጎዳናዎች ላይ ከመደበኛው ጦር ጋራ ጦርነት ገጠመ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃው ወደ ላይ የፈሰሰ መሰለ። ካርቱም ሻይ ትሸጥ የነበረችው ሴት ጠረጴዛዋን ትታ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጣች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ስትወድቅ የገዳሪፍና የከሰላ ትምህርት ቤቶች በሸሹ ሱዳናውያን ተሞሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች የገላባትን ድልድይ ተሻግረው የእኛ እንግዶች ሆኑ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉ ስፍራዎች የስደተኛ ሠፈር ተተከለላቸው። አገሩ ግን ራሱ በጦርነት ውስጥ ነበረ፤ በጎንደርና በመተማ መካከል ባለው መንገድ ላይ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የዕለት ወሬ ሆኖ ነበር። የታጠቁ ሰዎች በሌሊት ወደ ሠፈሮቹ እየገቡ ዘረፉ፤ ከስደተኞቹም እያገቱ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቁ። በሸገራብ ዙሪያ በእኛና በኤርትራ ልጆች ላይ የተሠራው ሥራ፣ በእኛ ምድር፣ በእኛ ሰዎች እጅ፣ በሱዳን ልጆች ላይ ተሠራ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ሕፃናትን ታቅፈው፣ ጥቂት ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ከሠፈራቸው በእግር ወጡ፤ ከለላ የሚሰጣቸው ስላጡም በመንገድ ዳር፣ በጫካው ውስጥ፣ በፕላስቲክና በቅጠል ጥላ ሥር ክረምቱን አሳለፉት። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ሲከለክል የሚናገረው ስለ ማንኛውም ሰው ነው እንጂ ስለ ኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ዳር የተቀመጡት የኑባና የካርቱም እናቶችም በዚህ ቃል ውስጥ ተጽፈዋል።